ነፋስ የሚመታው የጓሳ ምድር ዕፀዋትና አያያዛቸው

1. መግቢያ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫማ ቦታ ነው። ነፋሱን የሚጋርድ ደን የለም። በበጋ ወራት ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደግሞ ብርቱ ፀሐይ ነው። ስለሆነም ዕፀዋቱ አጫጭርና እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ ናቸው። በሌላ አገር ነፋስ በሚበረታበት የባሕር ዳርቻ የሚታየው ቁጥቋጦም ይህንኑ መልክ ይይዛል። እንዲያውም የእኛው አስታ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገበሬውና የልማት ሠራተኛው ዕፀዋቱን አይተው የመሬቱን ሁኔታ እንዲያውቁ መርዳት ነው።

2. ዋና ዋናዎቹ የዕፀዋት ክፍሎች

ሀ) ጓሳ፦ አፈሩ ጠለቅ ባለበት ተዳፋት ላይ በጉች በጉች ሆኖ የሚበቅል ሣር ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጌሣና ለከብት መኖ ያገለግላል።

ለ) ጨረንፌ፦ ቅጠሉ ቀጫጭን፣ አበባው ቢጫ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ለማገዶ ይፈለጋል።

ሐ) አስታ፦ ጭጋግ በሚበዛበት ድንጋያማ ቦታ ይገኛል። ጠባብና ወደ ውስጥ የተጠቀለለው ቅጠሉ ነፋስ ውኃውን እንዳይመጥበት ይከላከላል።

መ) የረግረግ ሣር፦ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ይበቅላል።

በመካከላቸው ጅብራና ጦስኝ ይታያሉ። ጅብራ ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከውርጭ ይጠብቃል።

3. ጓሳ ለምን ይጠፋል?

የጓሳ ቡቃያ የሚወጣው ከጉቹ ሥር ነው። የደረቀው አሮጌ ቅጠል ቡቃያውን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ሣሩ በየዓመቱ እስከ መሬት ከታጨደ ወይም ዘወትር ከተጋጠ ግን ቡቃያው ለውርጭ ይጋለጣል፤ ሥሩም ስንቅ ሳያከማች ይደክማል። ከብት ደግሞ ሣሩን መርጦ ሲበላ ጨረንፌውን ይተወዋል። ስለዚህ ጓሳ በነበረበት ቦታ ጨረንፌ ከበዛ፣ መሬቱ ከአቅሙ በላይ እንደተሠራበት ምልክት ነው።

4. የአባቶች ዘዴ

የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ጓሳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግቶ ያቆይ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ባለመብቶቹ በበጋ ተሰብስበው ያጭዱ፣ ክረምት ሲቃረብ መልሰው ይዘጉት ነበር። ይህም ከሣሩ ጠባይ ጋር የሚስማማ ነው፤ ጉቹ ለማገገም ጊዜ ያገኛል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት በሆነ ጊዜ ሥርዓቱ ላላ፤ ግጦሹና ማጨዱም ገደብ አጣ። በኋላ ነዋሪው ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን እንደገና አቋቁሟል።

5. ሊደረግ የሚገባው

• ጓሳን በበጋ ብቻ፣ ከጉቹ ከፍ አድርጎ በማጭድ ማጨድ፤ ፈጽሞ አለመንቀል፤
• የታጨደውን ቦታ እስኪያገግም ከከብት መከለል፤
• ጨረንፌን ለማገዶ ሲቆርጡ በተዳፋት ላይ ሥሩን አለመንቀል፣ አፈሩ በጎርፍ ይሄዳልና፤
• ጓሳውን አርሶ ገብስ ከመዝራት መቆጠብ፤ ውርጭ ምርቱን ሊያጠፋው ይችላል፣ የጠፋው ጉች ግን ቶሎ አይተካም።

ጓሳን ለጥቂት ዓመታት መዝጋት ጥቅምን መተው አይደለም፤ የነገውን የቤት ክዳንና የድርቅ ዘመን መኖ ማስቀመጥ ነው።