ዓባይ በረሃን ስትወርዱ ዝም አትበሉ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቀርብ ወደምሠራበት ክሊኒክ የሚመጡ ወላጆች «አገር ቤት ልንሄድ ነው፤ ምን መድኃኒት እንያዝ?» ይሉኛል። ስለ ወባ ከነገርኳቸው በኋላ «ጎንደር የምትገቡት በአውሮፕላን ነው በመኪና?» ብዬ እጠይቃለሁ። በመኪና ካሉኝ ወሬያችን ይረዝማል።

በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው መንገድ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እኛ የምንኖርበት የጊቫት ሃሞሬ ተራራ ጫፉ 515 ሜትር ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ብቻ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በ2008 የተከፈተውን፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ እስከ ደጀን ዳገት ነው። ነዳጅና ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ለሚወርዱም ነገሩ ያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእናቴ ጋር በኪራይ መኪና ወረድን። ዋጋውን ነዳጅን ጨምሮ በአንድ ጊዜ ተስማምተን ነበር፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ እንደጀመረ የገባኝ በኋላ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን ለቀቀው። ፍሬኑን ሳያቋርጥ ይረግጣል። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። እኔ ዝም አልኩ። ትልቅ ሰው ነው፣ እንግዳ ሆኜ ሥራውን እንዴት አስተምረዋለሁ ብዬ። በመጨረሻ እናቴ «ልጄ፣ እባክህ ሽንቴን ልሽና፣ አቁም» አለችው። ሽንቷ አልመጣም ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆመን ጎማዎቹ እስኪበርዱ ጠበቅን።

ነገሩ ቀላል ነው። ፍሬን ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ እግር ቢረገጥም መኪናው አይዝም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር በከባድ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ፣ ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ያስፈልጋል። ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውም በዛሬዎቹ መኪናዎች ልክ አይደለም፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጡት ሲወርድ ሞተሩ ከሞላ ጎደል ነዳጅ አይጠጣም።

እንግዲህ ስትከራዩ ነዳጁን እናንተ ቻሉ። ሾፌሩ የሚቆጥበው ነገር አይኖረውም። «በማርሽ ነው የምንወርደው፣ በማታ አንጓዝም» የሚለውንም ቀብድ ሳትሰጡ ተነጋገሩ፤ ገደል አፋፍ ላይ መናገር ይከብዳል። ጎማውን፣ ተጠባባቂ ጎማውን፣ የኋላ ወንበር ቀበቶውን በዓይናችሁ እዩ። የመንግሥትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ፣ ቢቱዋሁ የምትሄዱበትን አካባቢ ይሸፍን እንደሆነም ጠይቁ።

ከባድ መኪና ከፊታችሁ እየተንፏቀቀ ከሆነ ትዕግሥት ይኑራችሁ፤ ቀስ የሚለው በከባድ ማርሽ ስለሚወርድ ነው፣ ጎበዝ ሾፌር ማለት እሱ ነው። ራቅ ብሎ መከተል እንጂ ኩርባ ላይ መቅደም አይገባም። ሽቅብ የሚመጣ ተሳቢ ጠባብ ቦታ ላይ ካጋጠመ እኛ እንቁም፤ እሱ አንዴ ከቆመ ዳገት ላይ መነሳት ይቸግረዋል። አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ግን በከንቱ አይደለምና ከእሱ ራቁ። ሌላም አለ፦ እዚህ መኪና ሲበላሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትና ቢጫ ሰደርያ እንጠብቃለን። እዚያ መንገድ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ካያችሁ ከኩርባው ጀርባ የቆመ መኪና አለ ማለት ነው። ድንጋዩ መኪናው ሄዶም ሊቀር ይችላል።

የእኛ የዕረፍት ወር እዚያ ክረምት ነው። ጉም፣ ዝናብና የመሬት መንሸራተት ያለበት ጊዜ ስለሆነ መብራት አብርታችሁ፣ ረፋድ ላይ ውረዱ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። በሌሊት በረራ ገብታችሁ በዚያው ቀን መንገድ አትጀምሩ። ሾፌሩ ጫት ከቃመ ነቃ ያለ ይመስላል እንጂ ድካሙ አልጠፋም። ለማቅለሽለሽ የምንውጠው ትራቫሚን እንቅልፍ ያመጣል፤ ለሚነዳው ሰው አትስጡት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊኑንና የሚበላ ነገር ጭኑ ላይ ይያዝ፤ ሻንጣው መኪናው ጣሪያ ላይ ከታሰረ በኋላ ማውረድ የለም፣ የበረሃው ሙቀትም ኢንሱሊንን ያበላሻል። ጆሮ ሲደፈን ምራቅ መዋጥ ይበቃል፤ ለሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ስጡት።

እናቴ ዘንድሮም ልትሄድ ነው። ሾፌሩን ራሷ በስልክ አነጋግራዋለች፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ማርሹ ነው።