ከታንክ ጎታችነት ወደ ጡረተኛ ጓሮ

ከእስልምና በፊት የኖረው ባለቅኔና ጦረኛ አንታር፣ እናቱ ዘቢባ የምትባል ሐበሻ እንደነበረች የዐረቦች ትውፊት ይናገራል። በባርነት ተወልዶ በጎራዴው ነፃነቱን ያገኘ ሰው ነው ይሉታል። የዚህ የሐበሻይቱ ልጅ ስም ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ እንግሊዝ ሀገር በተሠራ መኪና ላይ ተጻፈ። ቤዚንግስቶክ ከተማ የነበረው የቶርኒክሮፍት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ለኢራቅ በረሃ የነዳጅ ቧንቧ ማጓጓዣ የሚሆን ግዙፍ ጎታች ሠራና «ማይቲ አንታር» አለው፤ ኃያሉ አንታር ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝ ጦር ወሰደውና ሃምሳ ቶን ገደማ የሚመዝን ታንክ በተሳቢ ሲያመላልስበት ኖረ።

ዛሬ ከእነዚህ አንታሮች የተረፉት ጥቂቶቹ ከሙዚየም ሌላ የሚገኙት በግለሰቦች ግቢ ነው። ብዙዎቹ ባለቤቶች ጡረተኞች ናቸው። ስለነሱ ለመጻፍ የተነሣሁት መኪና አዋቂ ሆኜ አይደለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት በነርስነት አገልግዬ፣ ከዚያም ረጅሙን ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ስላሳለፍኩ፣ ከባድ መኪናን የማውቀው በሚያደርሰው ጉዳት በኩል ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እናቶችና ልጆች ደግሞ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከሞተር የማይለይ አባት አይጠፋም ብዬ አስባለሁ።

ባለፈው ዓመት እንግሊዝ ሀገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዘንድ ከርሜ ነበር። ጎረቤቱ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ የቆርቆሮ መጠለያ ሠርተው፣ ስካሜል ኤክስፕሎረር የሚባል የቀድሞ የጦር ሠራዊት መኪና ይዘዋል። ጭቃ የዋጠውን ወይም ገደል የገባውን መኪና የሚያወጣ ባለ ክሬን ጎታች ነው። አንታርን በስም ያስተዋወቁኝም እሳቸው ናቸው፤ የመኪናው ስም ከየት እንደመጣ ሲነግሩኝ «እናቱኮ የኛ ሀገር ሰው ናት» ብላቸው ወንበር ስበው ቡና አፈሉልኝ።

የስካሜል ፋብሪካ ለንደን አጠገብ ዋትፎርድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ተዘጋ። ከኤክስፕሎረር በፊት የነበረው ፓዮኒር የሚባለው ጎታች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመቱ ታንኮችንና የተበላሹ መኪኖችን ከሜዳ እየጎተተ ያወጣ ነበር። ሞተሩ ጋርድነር የተባለ 102 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። ዛሬ ይህን ጉልበት ብዙ የቤት መኪኖች አያጡትም። ፍጥነቱ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን አንዱ ጎማ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ሌላው ጉድጓድ ሲገባ፣ ሁሉም መሬት እንደረገጡ ይሄዳል። ኤክስፕሎረር ደግሞ ስድስቱም እግሮቹ የሚነዱ ሆኖ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ የቤንዚን ሞተር አለው። «ሰልባትዮውን የሞላሁ ቀን ሚስቴን አልነግራትም» አሉኝ አዛውንቱ እየሳቁ። ሚስትዮዋ ግን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

እነዚህ መኪኖች ከጦሩ እጅ የወጡት በጨረታ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የማያስፈልገው ሁሉ ተሸጠ። አሜሪካ ሺካጎ የተሠራው ታንክ ጎታች ዳይመንድ ቲ 980፣ ፒክፎርድስን በመሳሰሉ አጓጓዦች እጅ ገብቶ ትራንስፎርመርና ቦይለር ጎተተ። ኤኢሲ ማታዶር የሚባለው ደግሞ መድፍ መጎተቱን ትቶ ከጫካ ግንድ አወጣ፤ በየአውቶቡስ ጋራዡም የተበላሸ አውቶቡስ ማምጫ ሆነ። ጎረቤታችን ከዚህ ዓይነት መኪና ጋር የተዋወቁት እዚያው ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጋራዥ ሲቀጠሩ የመጀመሪያ ሥራቸው ማታዶሩን ማጠብ ነበር።

የእኛም ሀገር ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለችም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ትሬንታ ኳትሮ» ሲባል ያውቃል። ፊያት 634 ነው፤ የቁጥሩን መጨረሻ ሠላሳ አራትን በጣሊያንኛ እየጠሩት ስም ሆኖ ቀረ። የፋሺስት ጦር ጓዙንና ወታደሩን የጫነበት መኪና፣ ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ እህልና ቡና፣ ከላይ ደግሞ ሰው ጭኖ ያንኑ ዳገት ሲወጣ ኖረ። በደርግ ጊዜ የመጣው ኦራልም እንዲሁ ከወታደር ወደ ጭነት የተሸጋገረ ነው። የኛ መካኒኮች መለዋወጫ በሌለበት በቶርኖ እየቀረጹ፣ በብየዳ እየቀጠሉ ያቆዩዋቸው ለእንጀራ ነው። እንግሊዞቹ ግን ምንም ላይጭኑበት ያድሱታል። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር የጥጋብ መስሎኝ ነበር። ሥራውን ቀርቤ ሳየው ግን ሐሳቤ ተለወጠ።

ጡረታ የወጣ ወንድ ምን እንደሚሆን በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ትናንት ሃያ ሰው የሚያዝ የነበረ ሰው ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቤተሰቡን መቆጣጠር ይጀምራል፤ ደም ግፊቱ ይወጣል፤ እንቅልፉ ይዛባል። ጎረቤታችን ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቱታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። አንድ የዛገ ብሎን ለመፍታት ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ዘይት ይቀቡታል፣ ያሞቁታል፣ ይተውታል፣ ይመለሱበታል። ኩሽኔታ ሲያጡ ሀገሩን የሚያካልል የስልክ ፍለጋ ይጀምራሉ። ሚሊታሪ ቬሂክል ትረስት የሚባል የአሮጌ የጦር መኪና ባለቤቶች ማኅበር ስላለ፣ አንዱ ያጣውን ሌላው ከመጋዘኑ ያወጣለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። አንደኛው ሚስቱ የሞተችበት ነው፤ ከዚያ መጠለያ ሌላ የትም አይሄድም አሉኝ። ይህን የመሰለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ አይገኝም። መንግሥታቸውም ቢሆን ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረና ለንግድ የማይውል መኪናን ከዓመታዊ ግብር ነፃ ያደርጋል።

ወጪው ሌላ ጉዳይ ነው። የባለቤታቸው ቅሬታ በአብዛኛው እሱ ላይ ነበር፤ የአንድ ጎማ ዋጋ የወጥ ቤት እድሳት ማዘግየቱን በቁጥር ነገሩኝ። እዚያ ውስጥ አልገባሁም።

የኔ ዓይን ያረፈው ጉዳት ላይ ነው። አንዳንዱን አዛውንቱም ጠንቅቀው ያውቁታል። ለምሳሌ ማኖቬላ። በእጅ ጠምዝዞ ሞተር ማስነሳት ለሚወድ ሰው፣ ሞተሩ ወደኋላ ሲመታ ከአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት ጫፍ ይሰብራል። በሕክምና መጻሕፍት ይህ ስብራት እስከ ዛሬ «የሾፌር ስብራት» ነው የሚባለው። የዱሮ ረዳቶቻችን መላውን ያውቁት ነበር፤ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ መያዝ፣ ከታች ወደ ላይ መሳብ፣ ወደ ታች አለመግፋት። ሁለተኛው በቀለበት የሚታሰረው ቸርኬ ነው። ቀለበቱ ዝጎ ወይም በትክክል ሳይቀመጥ አየር ሲሞላ፣ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ጥሩ ጎሚስታ ጎማውን በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ፣ በረጅም ጎማ ቱቦ፣ ራቅ ብሎ ነው የሚሞላው። ካቦም እንዲሁ ነው፤ ተወጥሮ ሲበጠስ መንገዱ ላይ ያገኘውን እግር አይምርም። ጎረቤታችን ክሬኑን ሲያሠሩ የልጅ ልጆቻቸውን ከአጥር ውጪ ያስወጣሉ። እዚህ ላይ የምነቅፍባቸው አልነበረኝም።

ያልተጠነቀቁት ለማይታየው ነገር ነው። አንድ ቀን የኋላውን ጎማ አውጥተው የፍሬኑን ከበሮ ከፈቱ። ውስጡ ግራጫ አቧራ ሞልቶታል። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ሲያነሡ አይቼ «ቆይ፣ ቆይ» አልኩ፤ በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ አላስታውስም።

አስቤስቶስ እሳት የማይበላው፣ ከመሬት የሚወጣ ቃጫ መሰል ማዕድን ነው። ሙቀት ስለሚችል ለብዙ አሥርት ዓመታት የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የሞተር ጓርኒሲዮንና የማርሚታ መጠቅለያ ይሠራበት ነበር። እንግሊዝ ሰማያዊውንና ቡናማውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985፣ ነጩን ደግሞ በ1999 ከልክላለች። የጎረቤታችን ፍሬን ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የተገጠመ ነው። ከሸራው የሚወጣው ቃጫ በዓይን አይታይም፣ አያስነጥስም፣ አያሳክክም። ሳንባ ጥልቅ ገብቶ ይቀራል። ከዚያ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ዝም ይላል። አንዳንዱ ሰው ላይ በመጨረሻ ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ካንሰር ሆኖ ይወጣል፤ ሜሶቴልዮማ ይባላል። ታማሚው ደረቱ ውኃ ቋጥሮ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው አልፏል።

ይህ ካንሰር ከአስቤስቶስ ጋር መያያዙ በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ዋግነር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪካ የማዕድን አካባቢ የመጡ 33 ታማሚዎችን ታሪክ ጽፈው አወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ኒውሃውስና ቶምሰን የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለቤተሰብ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ከመረመሯቸው 76 ታማሚዎች መካከል ዘጠኙ ራሳቸው ከአስቤስቶስ ጋር ሠርተው አያውቁም። ከሚሠራ ዘመድ ጋር አንድ ቤት ኖረዋል እንጂ። ከነዚህም የብዙዎቹ ታሪክ የባሏን የሥራ ልብስ የምታጥብ ሚስት ታሪክ ነበር።

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። በፋብሪካና በማዕድን ውስጥ የነበረው አቧራና አንድ ጡረተኛ በዓመት አንዴ የሚከፍተው ፍሬን አይወዳደሩም፤ የጋራዥ ሠራተኛ ምን ያህል ይጠቃል በሚለው ላይም ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን አቧራውን መሳብ ምን ያስፈልጋል? ማስወገጃው ርካሽ ነው። በአየር አለመንፋት፤ በደረቅ መጥረጊያም አለመጥረግ። ሳሙና ባለው ውኃ በደንብ አርጥቦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን ሳይደርቅ በላስቲክ አስሮ መጣል። አሮጌውን ሸራ በሞላ ወይም በወረቀት አለመፈግፈግ፤ አውጥቶ አስቤስቶስ በሌለበት መቀየር። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጭምብልም ለደቃቅ ብናኝ የተሠራውና ፊት ላይ ልክክ የሚለው ነው፤ በኮሮና ጊዜ ያደረግነው ስስ ጨርቅ አይሆንም። ጢም ያለው ሰው ላይ ደግሞ አየር በጎን ይገባል። ይህን ስናገር አዛውንቱ ነጭ ጢማቸውን ዳሰሱ።

ስለ ልብሱ የጠየቅኳቸው ባለቤታቸውን ነው። ቱታውን ሁልጊዜ ወጥ ቤት በር ላይ ያራግፉታል፤ ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ይገባል። በዚያ ሳምንት የልጅ ልጃቸው ትንሿ ልጅ አብራቸው ስለነበረች የሷም ፒጃማ እዚያው ማሽን ውስጥ ነበር። የለንደኑን ጥናት ስነግራቸው ሴትዮዋ ብዙ አልተናገሩም። ማሽኑን አቁመው ቱታውን ለብቻ አወጡት። በማግሥቱ ባልየው መጠለያው ውስጥ ሚስማር መትተው፣ ከሥሩ ክዳን ያለው ባልዲ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ቱታው ወደ ቤት አይገባም። ፍሬን የተነካካበት ከሆነ የሚጣል የወረቀት ቱታ ይለብሱና እዚያው አርጥበው አስረው ይጥሉታል። ፀጉራቸውንና እጃቸውን ታጥበው ነው ምሳ የሚቀርቡት።

በኛ ሀገር የመካኒክ ቱታ የሚታጠበው በእጅ ነው። እናት፣ ሚስት ወይም የቤት ሠራተኛ ግቢ ውስጥ መጀመሪያ ታራግፈዋለች፤ አቧራው የሚነሣው ያኔ ነው፣ ፊቷ ሥር። ስለዚህ ደረቁን አይራገፍ። ባለቤቱ ራሱ ሥራ ቦታው ላይ አውልቆ በላስቲክ ያምጣው፤ ሳይራገፍ በቀጥታ ውኃ ውስጥ ይግባ፤ ከልጆች ልብስ ጋር አይነከር፤ እጣቢውም ሳይደርቅ ይደፋ። ልጅም አባቷ ከጋራዥ ሲመለስ ከነቱታው ከማቀፏ በፊት ይለውጥ። አሮጌ ኤንትሬ ወይም ኦራል ግቢው አቁሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነካካ አባት ያላችሁ፣ መኪናውን ሽጥ ብላችሁ አትጨቅጭቁት። ባልዲና ሚስማር ግዙለት።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር። የኤክስፕሎረሩ ሞተር ተነሥቷል፤ ክሬኑም ቀለም ተቀብቷል። የአንደኛው ወገን ፍሬን ግን ገና አልተከፈተም፤ አዛውንቱ ጢማቸውን እስኪላጩ ይጠብቃል ብሎኛል።