የኋላው ወንበር

ርዕሰ መምህሩ የምዘና ቅጹን ይዘው ገቡና ኋላ ካለው ወንበር ተቀመጡ። በምዕራብ ሐረርጌ ከሚገኙ ከተሞች በአንዱ ሳስተምር ነው። ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረብኝ፤ ሲንጫጩ የሚውሉት ልጆች እንኳ ጭጭ አሉ። ደወል ሲደወል ነጥቡን ሞልተው፣ አስፈርመውኝ ወጡ። ስለ ትምህርቱ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በአገራችን ርዕሰ መምህር ደግፍም መዝንም ተብሏል። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚያደርሰው መሰላል በየመንፈቀ ዓመቱ በሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ውጤት ላይ ተንጠልጥሏል። ታዲያ ክፍልፋይ ማስረዳት ያቃተው መምህር ችግሩን ደረጃውን ለሚወስንበት ሰው ይናገራል? አይናገርም። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠይቀው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያም በብዙ ቦታ የፋይል ማህደር ማወፈሪያ ሆኗል።

በምዕራብ ሐረርጌዎቹ ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ ላይ ሌላም አለ። ጫት ሲቆረጥ ክፍሉ ይሳሳል። ከሌላ አካባቢ የተመደበው ወጣት መምህር የቤት ኪራይ እያሰላ ዝውውር ይጠብቃል። ወላጅ ዘንድ ሄዶ ልጁን የሚያስመልሰው፣ ለመምህሩም ዋስ ሆኖ ቤት የሚያስከራየው ርዕሰ መምህሩ ነው፤ ይህ ግን እኔ ባየሁት ቅጽ ላይ ነጥብ የለውም።

ያም ሆኖ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ጣት የሚቀሰረው ወደ መምህሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። ይህን ሁሉ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ መጫን ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ርዕሰ መምህርቷ በመጀመሪያው ሳምንት ጠሩኝና፣ «ባርሲሳ (በኦሮምኛ መምህር)፣ ነገ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ገብተህ ስሕተቴን ልቀም» አሉኝ። ገባሁ። ሰሌዳው ላይ የመቀነስ ምልክት ዘለሉ፤ አንዲት ልጅ አረመቻቸው፤ ሳቁና «ጎበዝ!» ብለው ቀጠሉ። ሻይ እየጠጣን የታዘብኩትን ነገርኳቸው፣ ጻፉት። በሳምንቱ እኔ ክፍል የገቡት ባዶ እጃቸውን ነበር፤ የዚያን ቀን ጠመኔ አልሰበርኩም። ምዘናው አልቀረም፤ ጊዜው ሲደርስ ሞሉት። ዝቅ ያለ ነጥብም ሰጥተውኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አስቀድሜ አውቅ ነበር።

በጭሮና በዙሪያዋ ያላችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ በዚህ መንፈቀ ዓመት አንድ ክፍለ ጊዜ እናንተ አስተምሩና መምህሮቻችሁ ከኋላው ወንበር ይቀመጡ።