የአጎቴ ሴይኮ ቀን አልተሳሳተም

አጎቴ የሚኖሩት ደጀን ነው። አሮጌ ሴይኮ 5 አለቻቸው፤ ለመኝታ ካልሆነ ከእጃቸው አያወልቋትም። ቀን መቁጠሪያዋ ግን ያናድዳቸዋል፤ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ነገ የሚለውን ቀን ታወጣለች። «የፈረንጅ ሰዓት ለእኛ አቆጣጠር አትሆንም» ብለው ደምድመዋል።

ሰዓቷ ጤነኛ ናት። ቀኑን የሚገፋው ጥርስ በ24 ሰዓት አንዴ ይዞራል፤ ቀኑን የሚለውጠውም ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። ለፈረንጅ ያ እኩለ ሌሊት ነው፤ የእኛ 12 ግን ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። ምሽት ላይ የሚለወጥ ከሆነ (ቀንን ከዋዜማ ለሚጀምሩት ለካህናቱ ሳይመች አይቀርም) ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት አንድ ሙሉ ዙር ማዞር ነው። ከዚያ ወዲያ ቀኑ ከጎህ ጋር ይለወጣል።

ሌላው ልማድ ቀኑን ጠዋት እንደተነሡ ማስተካከል ነው። ሰዓቷን የሚጎዳው ይሄ ነው። ቀኑ ንጋት ላይ የሚለወጥ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጥርሱ ከቀን ሰሌዳው ጋር ተያይዟል፤ በዚያ ሰዓት በመሙያው ቀን ለመግፋት መሞከር ጥርስ ሊሰብር ይችላል። ከቀትር በኋላ ይሻላል። ሰሌዳው እስከ 31 የተጻፈ ስለሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር በዓመት 5 ጊዜ ብቻ እርማት ይፈልጋል፤ በእኛ ግን 13 ጊዜ። የ12ቱ ወራት 31ን መዝለል ብቻ ነው፣ ጳጉሜን ሲያልቅ ግን ከ6 ጀምሮ እስከ 1 መግፋት ጣት ያደክማል።

«የሰውነቴን ሙቀት ለምዳለች፣ ሌላ ሰው ቢያስራት ትቆማለች» ይላሉ ደግሞ። ሙቀት አታውቅም። ውስጧ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብረት አለ፤ ክንድ በተወዛወዘ ቁጥር እየዞረ ጥቅልል ሽቦዋን ይሞላል። ባትሪ የላትም። አውልቀው ቢያስቀምጧት ሁለት ቀን ሳይሞላ ትቆማለች፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው እጅ ላይም እንደዚያው።

«አሮጌ ሰዓት ሁሉ ሀብት ነው» የሚለውን ወሬ ያቀጣጠለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው ፓቴክ ፊሊፕ ይመስለኛል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ወጥቷል። የአጎቴ ሴይኮ የዚያ ዘመድ አይደለችም።

«ዓባይ በረሃ ስወርድ ሰዓቴ ያልባታል» የሚሉት ግን እውነት ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ታች በሙቀቱ ሲያልባችሁ እርጥበቱ በሰዓቷ የደረቀ ማሸጊያ ጎማ በኩል ይገባል፤ ወደ ብርዱ ስትመለሱ መስታወቱን ከውስጥ ጉም ይሸፍነዋል። «ሰዓቴ አላባት» ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበቃም፤ ውስጧ ዝገት ሳይጀምር ሰዓት ሠሪ ጎማውን ይቀይር።