የሩዝና የቸኮሌት ፉክክር

ቅዳሜ ማታ በክበባችን «አይ ላቭ ሉሲ» ከተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ አንዱን ክፍል ካየን ወዲህ በየመኝታ ቤቱ ክርክሩ አልበረደም። ወንዶቹ «ሴት ፋብሪካ ስትገባ አያችሁ?» ይላሉ። ሴቶቹም «ሩዙንስ?» እያሉ ይመልሳሉ። ነገሩን ለማብራራት ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርበናል። (ሉሲ ስንል ድንቅነሽን ማለታችን አይደለም!)

ድራማው እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1957 የታየ ነው። ሪኪ ኒውዮርክ ውስጥ የምሽት ክበብ ባንድ የሚመራ የኩባ ተወላጅ ሲሆን ሚስቱ ሉሲ የቤት እመቤት ናት። አከራዮቻቸው ፍሬድና ኤትል ደግሞ ጎረቤትም ጓደኛም ናቸው። ያየነው ክፍል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1952 የተላለፈው ነው። ሉሲ ባንክ ካለው ገንዘብ በላይ ቼክ ጽፋ ሪኪ ይቆጣል። ከዚያ ጠቡ «ገንዘብ ማምጣት ይከብዳል ወይስ ቤት መያዝ?» ወደሚል ይዞርና ወንዶቹ ቤት ሊውሉ፣ ሴቶቹ ሥራ ሊገቡ እልህ ይጋባሉ።

ውጤቱን ሁላችንም አይተናል። ሪኪ ለአራት ሰው አራት ፓውንድ ሩዝ ይቀቅላል፤ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው! ሩዙ ገንፍሎ ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። ሉሲና ኤትል በበኩላቸው ቸኮሌት ፋብሪካ ገብተው በሚንቀሳቀሰው ቀበቶ ላይ የሚመጣውን ቸኮሌት መጠቅለል ሲያቅታቸው አፋቸው፣ ቆባቸውና ደረታቸው ውስጥ ይወሽቁታል። ካቦዋ መጥታ ያልተጠቀለለ ስታጣ ጎበዞች መስለዋት «ፍጥነቱን ጨምሩ!» ትላለች። በመጨረሻም ወንዶቹ ይቅርብን ብለው ለሚስቶቻቸው ስጦታ ያመጣሉ፤ ስጦታው አምስት ፓውንድ ቸኮሌት ሆኖ አረፈው።

እንግዲህ ድራማው «ሁሉም በየቦታው ቢቀመጥ ይሻላል» የሚል ይመስላል። ወንዶቹ ጓደኞቻችንም የያዙት ይህንኑ ነው። ግን ፋብሪካውን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ካቦዋ ሴት ናት። ከሉሲ አጠገብ ቁጭ ብላ ቸኮሌቱን እየነከረች በፍጥነት የምትደረድረዋም ሴት ናት፤ ያቺውም ተዋናይ ሳትሆን በእውን ሙያዋ ቸኮሌት መንከር የነበረ ሠራተኛ ናት። ታዲያ ሉሲን የጣላት ሴትነቷ ቢሆን እነዚያን እንዴት ሳይጥላቸው ቀረ? ሥራውን በቅጡ ሳያስተምሯት አስቀመጧት፣ አለቀ። ሪኪም ቢሆን ሩዝ ሲሰፈር ቆሞ አይቶ አያውቅም።

ሉሲን ሆና የተጫወተችው ሉሲል ቦልም ከካሜራው ጀርባ ሌላ ሰው ናት። ከባሏ ከዴዚ አርናዝ ጋር ያቋቋሙትን ዴዚሉ የተባለ ድርጅት፣ ከተፋቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 የእሱን ድርሻ ገዝታ በኃላፊነት መርታዋለች።

ይህን ሁሉ ያነሳነው ስለ አሜሪካኖቹ ብለን ብቻ አይደለም። እኛም ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ክፍሉን «ወንዶች» እና «ሴቶች» ብለን ከፍለን በጥያቄና መልስ እናፎካክራለን። ክፍሉ ይሞቃል፣ ገምጋሚውም ደስ ይለዋል። የሴቶቹ ቡድን ሲሸነፍስ? ማታ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ደብተሯን ሳትገልጥ ያደረች ልጅ ከወንድሟ እኩል ተወዳደረች እንላለን? ነጥቡን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው እኛ ነን፤ ልጆቹም «ሴት አትችልም» የሚለውን ከእኛ ጠመኔ ያነቡታል። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ይህን ያላደረገ የለም። ረድፍ ከረድፍ ማወዳደርም እኮ ይቻል ነበር።

በሚመጣው ቅዳሜ የሚታየው ያው ሉሲ እርሾ አብዝታ የጋገረችው ዳቦ ከምድጃው እየረዘመ ወጥቶ ከግድግዳ የሚያጣብቃት ክፍል ነው። እዚያም ወንድና ሴት በ50 ዶላር ተወራርደዋል። ክርክሩን እዚያው እንቀጥላለን፤ ወንበር ስለሚያጥር ቀደም ብላችሁ ኑ።