ቻርጅ የሚደረግ መልቲሜትር

ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ ጊልገል በለስና ወደ ሕዳሴ ግድብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ግድቡ ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በጫግኒ ዙሪያ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰው የገጠር ቤት ግን ዛሬም የሚበራው በሶላርና በባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ሶላር የሚጠግን ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ብዙዎች ቴስተር በሚሉት መልቲሜትር ነው።

የመሣሪያው ቀዳሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ የቀረበው አቮሜትር፣ ቮልት ለመለካት ባትሪ አያስፈልገውም ነበር፤ ቀስቱን የሚገፋው የሚለካው ኤሌክትሪክ ራሱ ነው። ዲጂታሉ ግን ያለ ባለ 9 ቮልት ባትሪው አንዲት ቁጥር አያሳይም። ባትሪው ሲደክም ዝም ቢል እንኳ ጥሩ ነበር፤ ብዙው ርካሽ መልቲሜትር ግን ሐሰት ይናገራል። የሚለካውን ቮልት የሚያነጻጽረው ውስጡ ካለ ማመሳከሪያ ቮልት ጋር ነው፤ ባትሪው ሲደክም ማመሳከሪያው ይወርድና ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነቱ በላይ ይወጣል። የሶላር ባትሪ ምንም ሳይበራበት 12.0 ቮልት ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ 12.6 ከሆነ ሞልቷል ማለት ይቻላል። አምስት በመቶ አብዝቶ የሚያነብ መልቲሜትር 12.0ውን 12.6 ያደርገዋል። ጠጋኙ ባትሪውን ደህና ነው ብሎ ትቶ ጤነኛውን የሶላር መቆጣጠሪያ ይፈታል፤ ባለቤቱም የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል።

ቀኑን ሙሉ ለሚለካ ሰው መፍትሔው ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ይገኛል። 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው የሊቲየም ሴሎች በአንድ ላይ የሚሞቱት ከስንት አንዴ ነው። ከ2 ቮልት በታች የወረደውን መጣል፣ ደህናውን መያዝ ነው። ካውያ ሴሉን ራሱን መንካት የለበትም፤ እርሳሱ የሚያርፈው ሴሉ ላይ በቀረችው ቀጭን ብረት ላይ ነው። ሴሉ 3.7 ቮልት ስለሆነ የመልቲሜትሩን ባትሪ ለመተካት ወደ 9 የሚያሳድግ ትንሽ ቦርድ ያስፈልገዋል። ቦርዱ ከ20 ቮልት በላይ ሊያወጣ ስለሚችል ከመልቲሜትሩ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ብሎኑን በካቻቢቴ እያዞሩ፣ አዲስ ባትሪ በገባበት ሌላ መልቲሜትር እየለኩ 9 ላይ ማቆም ግድ ነው። ሴሉ መልቲሜትሩ ውስጥ ካልገባ ቀጭን የስልክ ባትሪ ይተካዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቻርጅ ጉዳይ ነው። ፕላስቲኩን በስቶ የሚገባ የቻርጅ ቀዳዳ ከመለኪያ ገመዶቹ ጋር በውስጥ ሽቦ ይገናኛል። ቻርጅ ላይ እያለ ሶኬት ቢለካበት 220ው ቮልት በቻርጅ ገመዱ በኩል ወደ ሰው እጅ መንገድ ያገኛል። መለየት የሚችለው ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም ባንድ ጊዜ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ አንዱን ብቻ የሚቆርጥ አይበቃም። እኔ ሴሉን አውጥቶ ለብቻው ቻርጅ ማድረግን እመርጣለሁ፤ ፕላስቲኩ አይበሳም፣ ስህተት የሚሠራበት ቀዳዳም አይኖርም።

አልፎ አልፎ ብቻ የሚለካ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ መልቲሜትር የሚበላው ጥቂት ሚሊአምፒር ስለሆነ አዲስ ባትሪ ብዙ ጊዜ ይቆይለታል።

ሥራው ሲያልቅ ቀይና ጥቁር ገመዶቹን አገናኝቶ ትንሹ የሚሊቮልት መለኪያ ላይ ማየት ነው። ዜሮ ካልሆነና ቁጥሩ ከተርገበገበ የማሳደጊያ ቦርዱ ረብሻ ገብቷል፤ መውጫው ላይ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲበየድ ብዙውን ጊዜ ይረጋል።