የዱር ዳክዬን በግቢ ስለ ማርባት
(በመቲና በአካባቢው ላሉ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የቀረበ ምክር)



በመቲ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ስዘዋወር ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በቆላው ረግረግ የሚታዩትን እነዚያን ያማሩ የዱር ዳክዬዎች እንቁላላቸውን አምጥተን በግቢያችን ብናረባቸው አንጠቀምምን?» የሚል ነው። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፤ የውሃ ወፍ በግቢ ይራባል፤ ነገር ግን ሥራው ከረግረግ እንቁላል በመልቀም አይጀመርም። ምክንያቱን ቀጥሎ አስረዳለሁ።

ወፎቹ እነማን ናቸው?

በጋምቤላ ክልል በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አጠገብ ባለው ረግረግ ብዙ ዓይነት የውሃ ወፎች ይኖራሉ። ፊቱ ነጭ የሆነውና ሲበር እንደ እረኛ የሚያፏጨው ዳክዬ፣ ወንዱ በመንቁሩ ላይ ጉብታ ያለበት ትልቁ ዳክዬ፣ በክንፉ መታጠፊያ ላይ እሾህ መሳይ አጥንት ያለው ዝይ፣ እንዲሁም የግብፅ ዝይ የሚባለው ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ግን የደጋ ወፍ ነው፤ ላባው ለብርድ የተሠራ ስለ ሆነ በመቲ ሙቀት ለማኖር አትሞክሩ።

ከረግረግ ማምጣት ስለ ምን አይገባም?

አንደኛ፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ሕግን መተላለፍ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ይህን ደንግጓል። ስለዚህ የዱር ወፍ ለማርባት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤትን ፈቃድ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፤ የዱር ዳክዬ የፈንግልንና የወፍ ጉንፋንን ተዋስ ይዞ ራሱ ሳይታመም ሊኖር ይችላል። ያንኑ ወፍ ከዶሮዎቻችሁ ጋር ብትቀላቅሉት ግን የእናንተ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ዶሮ ሁሉ በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችላል። ለአንድ ጌጥ ሲባል የጎረቤትን ዶሮ መጨረስ አይገባም።

ሦስተኛ፤ ዳክዬ ላባ በሚቀይርበት ወራት የመብረሪያ ላባዎቹን በአንድ ጊዜ ስለሚጥል ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል መብረር አይችልም። በዚህ ጊዜ በእጅ መያዙ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ሰዎች ያለ ልክ ይይዙታል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚራባውም ይጎድላል።

በአግባቡ የተሠራ ማርባት ግን ዘርን ሊያድን እንደሚችል የታወቀ ነው። በሐዋይ ደሴቶች ኔኔ የሚባለው ዝይ በ1950 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደ 30 ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ፒተር ስኮት የተባሉት እንግሊዛዊ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ስሊምብሪጅ በሚባል ስፍራ ባቋቋሙት ማርቢያ ጥቂቶቹን አምጥተው አራቧቸው፤ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ከዚያ የተፈለፈሉት ወደ አገራቸው ተመልሰው ተለቀቁ። በአንጻሩ ደግሞ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣ አንድ ቀይ ቡናማ ዳክዬ ከማርቢያ አምልጦ ተራባ፤ እስከ እስፓኝም ደርሶ በዚያ ካለው ባለ ነጭ ራስ ዳክዬ ጋር ስለ ተዳቀለ ለአገሩ ዘር አደጋ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ያረባነውን ወፍ ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ዱር አለመልቀቅ፣ ልዩ ልዩ ዓይነቶችንም በአንድ ኩሬ አለመቀላቀል ነው።

በቤት ዳክዬ ጀምሩ

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ መጀመሪያ በተለመደው የቤት ዳክዬ እጃችሁን አፍታቱ። አያያዙ ከዱሩ ጋር በብዙው አንድ ነው፤ ቢጠፋባችሁም የጠፋው ከዱር የተወሰደ ዘር አይደለም። ለቤት ዳክዬ አንድ ወንድ ለ4 ወይም ለ5 እንስት ይበቃል። የሚያፏጨው ዳክዬና የግብፅ ዝይ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚኖሩ ናቸው፤ በተለይ የግብፅ ዝይ በመራቢያው ወራት ሌላውን ወፍ ስለሚደበድብ ጥንዱን ለብቻ ማኖር ያስፈልጋል።

እንቁላልና ታቃፊ

ለማስታቀፍ የሚሆነውን እንቁላል ከ7 ቀን በላይ አታቆዩት፤ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። አንዲት የሐበሻ ዶሮ 7 ወይም 8 የዳክዬ እንቁላል ልትታቀፍ ትችላለች። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የተለመደው የቤት ዳክዬ 28 ቀን፣ ፊቱ ቀይ ኪንታሮት መሳይ ያለበትና ሙስኮቪ የሚባለው ዳክዬ ደግሞ 35 ቀን ያህል ይፈጃል። ታቃፊይቱ ሳትሰለች እንድትቆይ ጽኑ ታቃፊ ምረጡ፤ ምግብና ውሃም ከአጠገቧ አይጥፋ። የዳክዬ እንቁላል ትልቅ ስለ ሆነ ዶሮይቱ በደንብ ላትገለብጠው ትችላለች፤ ስለዚህ በአንዱ ወገን በከሰል ምልክት አድርጋችሁ በየቀኑ በእጃችሁ አገላብጡት። በመጨረሻው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ለብ ያለ ውሃ እርጩበት፤ ቅርፊቱ ካልራሰ ጫጩቱ ሰብሮ መውጣት ይቸግረዋል።

ጫጩቶቹን ማሳደግ

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ነው። በእናት ዳክዬ ሥር ያደገ ጫጩት ከእናቱ ላባ ቅባት ስለሚያገኝ ውሃ አያርሰውም፤ በዶሮ ሥር ያደገው ግን ይህ ስለሌለው ወደ ጥልቅ ውሃ ቢገባ በስብሶ በብርድ ይሞታል። ስለዚህ መንቁሩንና ዓይኑን ለመንከር ብቻ የሚበቃ ውሃ በጠፍጣፋ ዕቃ ስጡት፤ መሐሉ ላይም ድንጋይ አኑሩበት። ምግቡን ሁልጊዜ ከውሃ አጠገብ አድርጉለት፤ ደረቅ ዱቄት ብቻውን ያንቀዋል።

የዳክዬ ጫጩት ኒያሲን የሚባለውን ቪታሚን ከዶሮ ጫጩት አብልጦ ይፈልጋል። ይህን ካላገኘ እግሩ ይጣመምና መራመድ ያቅተዋል። እርሾ በዚህ ቪታሚን የበለጸገ ነውና በፀሐይ የደረቀ የጠላ አተላ በጥቂቱ ከምግቡ ጋር ቀላቅሉለት። ምስጥ፣ የተከተፈ ጎመንና የተቀቀለ እንቁላልም ይስማማዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሻገተ እህል አትስጡት። እኔ ራሴ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቤ ሄጄ በዶሮ 11 የዳክዬ ጫጩቶች አስፈልፍዬ ነበር። በጎተራው ጥግ ጥቂት የሻገተ በቆሎ ስለ ነበረና ዶሮዎቹም በልተውት ምንም ስላልሆኑ አስፈጭቼ ለጫጩቶቹ ሰጠሁ። በ2 ሳምንት ውስጥ የቀሩት 2 ብቻ ነበሩ። እናቴ «የሰው ዓይን ነው» አለች፤ ዓይን ሳይሆን ሻጋታ ነበር። በሻጋታ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይገኛል፤ ለዚህ መርዝ ከወፎች ሁሉ የዳክዬ ጫጩት እጅግ ደካማ ነው። መርዙ የታወቀው በ1960 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የበሉ ከ100,000 በላይ የሆኑ ተርኪዎች፣ ከእነርሱም ጋር የዳክዬ ጫጩቶች ካለቁ በኋላ ነው። በመቲ ዝናቡ ብዙ፣ አየሩም እርጥብ ስለ ሆነ በቆሎና ኦቾሎኒ ቶሎ ይሻግታል። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሰውንም ጉበቱን ይጎዳል። ስለዚህ ለዳክዬ የማይሆነው በቆሎ ለልጆቻችሁም እንደማይሆን አስታውሱ።

ቤትና ውሃ

ዳክዬ ለማደሪያ ቆጥ አያስፈልገውም፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ያለበት ወለል ይበቃዋል። ጥርኝና ሸለምጥማጥ እንዳይደርሱበት ማታ ማታ ዝጉበት፤ የአጥሩን ሽቦ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ቅበሩት። እንዳይበር ላባው ጨርሶ ካደገ በኋላ የአንዱን ክንፍ ረጃጅም ላባዎች ብቻ ቁረጡ፤ በማደግ ላይ ያለ ላባ ደም አለውና አይቆረጥም።

ለትልልቆቹ ትልቅ ኩሬ መቆፈር ግድ አይደለም። እንዲያውም የቆመ ውሃ ሁለት ክፉ ነገር ያመጣል። አንዱ፤ በድን ወይም የበሰበሰ ነገር ያለበት ውሃ የዳክዬን አንገት የሚያልፈሰፍስና የሚገድል መርዝ ያፈራል። ሁለተኛው፤ የወባ ትንኝ ይራባበታል። ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅባት በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ የሚደፋ ትንሽ ገንዳ አዘጋጁ። የሚደፋው ውሃ ኩስ ያለበት በመሆኑ ለሙዙና ለጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል።

ለልማት ሠራተኞች

ገበሬው ዳክዬ ከማምጣቱ በፊት በመንደሩ ያሉት ዶሮዎች የፈንግል ክትባት ማግኘታቸውን ተመልከቱ፤ ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። አዲስ የመጣ ወፍ ቢያንስ 3 ሳምንት ከዶሮ ተለይቶ ይቆይ። ብዙ ወፍ በአንድ ጊዜ ቢሞት ሥጋው እንዳይበላ፣ በድኑም ወደ ወንዝ እንዳይጣል ከልክላችሁ በፍጥነት ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ። ደግሞም ገበሬው ለጌጥ ወፍ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ገዢው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ምከሩት፤ ገዢ ያልተገኘለት ወፍ በቆሎ ከመፍጀት በቀር ጥቅም የለውም።

እንግዲህ ገበሬዎች ሆይ፤ በዚህ ዓመት ጥቂት የቤት ዳክዬ አሳድጉ። ከተፈለፈሉት አብዛኞቹን ለማድረስ ከቻላችሁ ያን ጊዜ ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ሆናችሁ የዱሩን ለማርባት ፈቃድ ጠይቁ። እስከዚያው የረግረጉ ዳክዬ በረግረጉ ይራባ።